ጥይቱ የሚታዘዘው ለማን ነው? ስለ «ፎልአውት» እና ስለ ክፍት ዓለም የተኩስ ጌሞች ለቀረበ ጥያቄ የተሰጠ ምላሽ

ጥያቄው በአጭሩ ይህ ነው። ጠያቂው ከኑክሌር ጦርነት በኋላ ባለ ዓለም የሚካሄደውን «ፎልአውት 4»ን 40 ሰዓት ያህል ተጫውተው ሳይጨርሱት ትተውታል፤ ከእርሱ 5 ዓመት ቀድሞ የወጣውን «ፎልአውት፦ ኒው ቬጋስ»ን ግን ሁለት ጊዜ ጨርሰው ለሦስተኛ ጊዜ ሊጀምሩት ነው። ጓደኞቻቸው «ተኩሱ ደረቅ፣ መልኩ ያረጀ ጌም የምትወደው ቀድመህ ስለለመድከው ብቻ ነው» ይሏቸዋል። እርሳቸው በበኩላቸው «ታሪኩ ስለሚሻል ነው» ብለው ይመልሳሉ፤ ነገር ግን ይህ መልስ ለራሳቸውም አላረካቸውም። ፍርዳቸው የትዝታ ይሁን የእውነት እንዲነገራቸው ጠይቀው፣ «ሳይበርፐንክ 2077»ን አሁን መግዛት ያዋጣ እንደሆነና ወደ «ፎልአውት 4» መመለስ ይገባቸው እንደሆነም ጨምረዋል።

ፍርድዎ ትክክል ነው፤ የሰጡት ምክንያት ግን ግማሹ ብቻ ነው። የጌም ሥርዓት በመንደፍ ሥራ ላይ ከ10 ዓመት በላይ ቆይቻለሁ፤ በእነዚህ ዓመታት ካየኋቸው ክርክሮች ሁሉ የእርስዎን ያህል ደጋግሞ የሚነሣ የለም። ሰዎች «ታሪኩ» የሚሉት ነገር ብዙ ጊዜ ጸሐፊው የጻፈው ቃል ሳይሆን፣ ዓለሙ ለተጫዋቹ የሚመልስለት ምላሽ ነው። ይህ ምላሽ ደግሞ የሚታየው በሁለት ነገሮች ነው፤ አንደኛው የሚተኩሱት ጥይት ለማን እንደሚታዘዝ ሲሆን፣ ሁለተኛው ምድሩ እርስዎ ከመምጣትዎ በፊት የተሰናዳ ነው ወይስ እርስዎን እያየ የሚለዋወጥ ነው የሚለው ነው። «ኒው ቬጋስ» እና «ፎልአውት 4» አንድ ስም ቢጋሩም በሁለቱም ላይ ተቃራኒ መልስ ይሰጣሉ።

ከጥይቱ ልጀምር። የመጀመሪያው «ፎልአውት» በ1997 (እዚህ የምጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ እንደ ፈረንጆቹ አቆጣጠር ናቸው) ሲወጣ በተራ የሚጫወቱት፣ ከላይ ሆነው የሚያዩት ጌም ነበር። ተጫዋቹ የጠላቱን ራስ ወይም እግር ይመርጣል፤ ጌሙም «የመምታት ዕድልህ 62 በመቶ ነው» ብሎ ይነግረዋል፤ የሚቀረው ዕጣው ነው። እዚያ ላይ ስሕተት የሚባል ነገር አልነበረም፤ የሚተኩሰው ገጸ ባሕርይው እንጂ ተጫዋቹ አልነበረምና። ቤተዝዳ የተባለው ጌም ሠሪ ኩባንያ በ2008 «ፎልአውት 3»ን አውጥቶ ካሜራውን በገጸ ባሕርይው ዓይን ውስጥ ሲያስቀምጠው ግን ጥይቱ በአንድ ጊዜ ሁለት ጌቶች አገኘ። አንዱ ጌታ የተጫዋቹ እጅ ነው፤ ሌላው በገጸ ባሕርይው መዝገብ ላይ የተጻፈው ቁጥር ነው። የጠላቱ ግንባር ከአፈሙዙ ፊት በ10 እርምጃ ቆሞ፣ ዓይንዎ አየው፣ እጅዎ አስተካከለ፣ ጥይቱ ግን የመሣሪያ ክህሎትዎ ዝቅተኛ ስለሆነ በጎን አለፈ። ተጫዋቹ በዚያች ቅጽበት የሚሰማው «ገና አልሠለጠንኩም» የሚል ስሜት ሳይሆን «ጌሙ ዋሸኝ» የሚል ነው። ጊዜን አቁሞ በመቶኛ የሚያስመርጠው «ቫትስ» የተባለው ዘዴ ይህንን ቁስል የሸፈነ ጥሩ ፋሻ ነበር፤ ቁስሉ ግን ከሥር እንደነበረ ቆየ።

በ2010 «ኒው ቬጋስ»ን የሠራው ኦብሲዲያን ኢንተርቴይንመንት ያንኑ ያረጀ ሞተር (ጌሙ የሚሠራበትን መሠረታዊ ሶፍትዌር) ተረክቦ በ18 ወር ገደማ ጌሙን አጠናቅቋል። በዚያች አጭር ጊዜ የተኩሱን ስሜት ከሥሩ መለወጥ አይቻልም፤ ጓደኞችዎ «ደረቅ ነው» ሲሉ የሚያወሩት ይህንኑ ነው፤ በዚህ ላይ አልከራከራቸውም። ነገር ግን የኦብሲዲያን ነዳፊዎች በሁለቱ ጌቶች መካከል ግልጽ የሥልጣን ክፍፍል አደረጉ። ጠመንጃውን ወደ ዓይን አስጠግቶ በማነጣጠሪያው ማየት ተቻለ። እያንዳንዱ መሣሪያ የሚጠይቀው የጉልበትና የክህሎት መጠን ተጻፈለት፤ ያንን ካላሟሉ አፈሙዙ በዓይንዎ ፊት ይወዛወዛል። ቁጥሩ አሁንም ይገዛል፤ ነገር ግን ሲገዛ ይታያል። ያቃተዎትን ነገር ማየትና ሳያዩት መቀጣት እጅግ የተለያዩ ነገሮች ናቸው።

ከዚህ ይልቅ እኔ የምወደው ግን የጥሩሩን ሥርዓት ነው። በ«ኒው ቬጋስ» ውስጥ የጠላት የብረት ልብስ ከእያንዳንዷ ጥይት ላይ የተወሰነ መጠን ይቀንሳል፤ ጥይቷ ደካማ ከሆነች ከጉልበቷ አንድ አምስተኛ ያህል ብቻ ያልፋል። በ9 ሚሊ ሜትር ሽጉጥ ብረት ለባሽ ወታደር ላይ ሲተኩሱ ከጤና መስመሩ አጠገብ ትንሽ ቀይ ጋሻ ብቅ ትላለች። ትርጉሟ «በዚህ መሣሪያ አትድከም» ነው። በዚህ ጊዜ ተጫዋቹ ምን ያደርጋል? ከድንጋይ ጀርባ ይከለልና ቦርሳውን ይፈትሻል። ብረት የሚበሳ ጥይት አለኝ ወይ? አፉ የተቦረቦረው ጥይት ራቁት ሥጋን ክፉኛ የሚጎዳ ቢሆንም ብረት ላይ ከንቱ ስለሆነ ለአውሬዎቹ ላቆየው ወይ? ወይስ ብሸሽ ይሻላል? ተኩሱ ከመጀመሩ በፊት ያለችው ይህች የሐሳብ ደቂቃ የሚና ጨዋታ፣ ማለትም ገጸ ባሕርይውን ሆኖ መወሰን፣ ማለት ናት። ብዙ ሰው የሚና ጨዋታ በንግግር ሳጥን ውስጥ ብቻ ያለ ይመስለዋል፤ እውነቱ ግን በጥይት መያዣው ውስጥም መኖሩ ነው።

እዚህ ላይ ከራሴ ሕይወት አንድ ነገር ላንሣ። አብዛኞቻችን አዲስ አበባ ያደግን ተጫዋቾች ጌምን ያወቅነው በፕሌይስቴሽን ቤት ነው፤ ክፍያው በጨዋታ ወይም በሰዓት ስለነበር ወንበሩ ሁሉ በኳስ ጨዋታ የተያዘ ነበር፤ 60 ሰዓት የሚፈልግ ጌም ለእንዲህ ዓይነት ቤት አይመችም። እኔ ግን በ2004 በወጣው «ጂቲኤ፦ ሳን አንድሪያስ» ተለክፌ ነበር። እዚያ ጌም ውስጥ ሽጉጥ አዘውትሮ የሚተኩስ ሰው ክህሎቱ ከፍ ይልና በመጨረሻ በሁለት እጁ ሁለት ሽጉጥ ይይዛል። የሰፈራችን ጌም ቤት ሚሞሪ ካርድ የጋራ ስለነበር አንድ ቀን ስመለስ የሳምንታት ድካሜን ሌላ ልጅ በራሱ ጨዋታ ላዩ ላይ ሴቭ አድርጎበት አገኘሁት። ከዚያ በኋላ ገንዘብ አጠራቅሜ የራሴን 8 ሜጋባይት ሚሞሪ ገዛሁና በኪሴ እየያዝኩ መሄድ ጀመርኩ። ይህን የማነሣው በዚያ ዕድሜዬ ያጣሁት ምን እንደነበረ አሁን ስለገባኝ ነው። ያቺ ሁለተኛዋ ሽጉጥ ስትመጣ ተኩሱ በእጄ ላይ ተለውጦ ነበር፤ ያስለቀሰኝ የጠፋው ቁጥር ሳይሆን የጠፋው እጅ ነው። እድገት ማለት ተጫዋቹ ትናንት ያልቻለውን ዛሬ ሲያደርግ ነው እንጂ፣ ትናንት ያደርገው የነበረውን ዛሬ በ20 በመቶ አብልጦ ሲያደርግ አይደለም።

አሁን «ፎልአውት 4»ን እንመልከተው። ይህ ጌም በኅዳር 2015 እንደ ፈረንጆቹ አቆጣጠር ሲወጣ የተኩስ ስሜቱ ከቀደሙት ሁሉ በእጅጉ ይሻል ነበር፤ በዚህ ላይ የ«ዱም» ቤት የሆነው ኢድ ሶፍትዌር እገዛ አድርጓል። የጠመንጃው ግፊት፣ ድምፁ፣ የጠላቱ መንገዳገድ ሁሉ ጥሩ ነው። መሣሪያን በአፈሙዙ፣ በሰደፉና በማነጣጠሪያው እየፈቱ መገጣጠሙም በዚህ ተከታታይ ጌም ከታዩት ሥራዎች ከምወዳቸው አንዱ ነው። ይሁን እንጂ ጥይቱ ለእጅ ብቻ እንዲታዘዝ ሲወሰን ለቁጥሩ ሌላ ሥራ መፈለግ ነበረበት። ክህሎቶቹ ተሰረዙ፤ በቦታቸው «ፐርክ» (ደረጃ ሲያድጉ የሚመርጡት ልዩ ችሎታ) ብቻ ቀረ። የጠመንጃ ፐርክ በእያንዳንዱ ደረጃ ጉዳቱን በ20 በመቶ እየጨመረ በአምስተኛው ደረጃ እጥፍ ያደርገዋል። ያ ብቻውን ቢሆን ጠላቶቹ በቀላሉ ባለቁ ነበርና የእነርሱም ጤና ይጨምራል። ውጤቱ ሁላችንም የምናውቀው ነው፤ ሸሚዝ የለበሰ ወንበዴ በራሱ ላይ 8 ጥይት ተቀብሎ ስድብ ይመልሳል፤ «ሌጀንደሪ» የሚባለው ዓይነት ከሆነ ደግሞ በግማሽ ሲደክም ተለዋውጦ እንደገና በሙሉ ጤና ይነሣል። ተጫዋቾች ይህን «ስፖንጅ» ይሉታል፤ ቃሉ ልክ ነው፤ ጥይቱ ገብቶ ይጠፋልና። እርስዎ በ40ኛው ሰዓት የሰለቸዎት ተኩሱ መጥፎ ስለሆነ አይደለም። በ2ኛው ሰዓት ይተኩሱት የነበረውን ተኩስ በ40ኛውም ሰዓት፣ በተለወጡ ቁጥሮች፣ እዚያው በነበረበት ስላገኙት ነው።

ወደ ምድሩ ልለፍ፤ ለእኔ ከተኩሱም የበለጠ ክብደት ያለው ይህ ነው።

«ኒው ቬጋስ» በጉድስፕሪንግስ ይጀምራል። እርስዎ ራሱን በጥይት ተመትቶ ከመቃብር የተረፈ መልእክተኛ ነዎት፤ ከዶክተር ሚቸል ቤት ወጥተው ኮረብታው ላይ ሲቆሙ በስተሰሜን የቬጋስ መብራት ይታያል። የመታዎት ሰው የሄደው ወደዚያ ነው። መንገዱ አጭር ይመስላል፤ በእርግጥም አጭር ነው። ነገር ግን በአጭሩ መንገድ ላይ ስሎን የምትባል የድንጋይ ካባ ሠራተኞች ሰፈር አለች፤ ከአጠገቧ ባለው ካባ ውስጥ ዴዝክሎው የሚባሉት አውሬዎች ሰፍረዋል፤ ወደ ምዕራብ ቢያዞሩ ደግሞ ካዛዶር የሚባሉ መርዛም ተርቦች ይጠብቁዎታል። በሁለተኛ ደረጃ ላይ ያለ ገጸ ባሕርይ ይዘው በዚያ ቢያልፉ አንድ ጥፍር ይበቃዎታል። ስለዚህ አብዛኛው ተጫዋች ወደ ደቡብ ወርዶ፣ በፕሪም፣ በኒፕተን፣ በኖቫክ አድርጎ በምሥራቅ ዞሮ ወደ ቬጋስ ይገባል።

ይህ ረጅም ዙር በከንቱ የተዘጋጀ አይደለም። በፕሪም እስረኞች ከተማዋን ይዘዋል፤ ከመንገዱ ማዶ የሰፈሩት የኤንሲአር (የአዲሲቷ ካሊፎርኒያ ሪፐብሊክ) ወታደሮች ደግሞ «ሰው አንሶናል» ብለው ዝም ብለው ይመለከታሉ። ሪፐብሊኩ ሰፊ እንደሆነና ክንዱ ግን እንደሳሳ ማንም ሳይሰብክዎ ይገባዎታል። በኒፕተን መግቢያ ላይ አንድ ሰው «ሎተሪው ደረሰኝ!» እያለ በደስታ እየጮኸ ይመጣል፤ ሎተሪው ምን እንደነበረ የሚያውቁት በዋናው መንገድ ግራና ቀኝ በመስቀል ላይ የተሰቀሉትን ሰዎች ሲያዩ ነው። የቄሳር ጦር ማን እንደሆነ ከዚህ በኋላ ማብራሪያ አያስፈልገውም። በኖቫክ ሚስቱን ለዚያው ጦር የሸጠበትን ሰው የሚፈልግ አነጣጥሮ ተኳሽ በዳይኖሰር ሐውልት አፍ ውስጥ ሌሊት ሌሊት ዘብ ይቆማል። ቬጋስ በር ላይ ሲደርሱ ስለሁቨር ግድብ የሚዋጉትን ወገኖች በሥራቸው አውቀዋቸዋል፤ ከዚያ በኋላ የሚጠየቁት ምርጫ ክብደት የሚኖረው በዚህ ምክንያት ነው። ይህንን ሁሉ ያስቻለው ዴዝክሎዎቹ በካባው ውስጥ እርስዎን ሳይመለከቱ በራሳቸው ልክ መኖራቸው ነው። መንገዱም አልተዘጋም፤ ድምፅ አጥፍቶ በዳገቱ ሥር ተጠግቶ ያለፈ ተጫዋች አለ፤ ያ ተጫዋች ያንን ሌሊት ዕድሜውን ሙሉ ያወራዋል።

በአንጻሩ በ«ፎልአውት 4» የመጀመሪያዋ ሰዓት ላይ ምን እንደሚሆን ያስታውሱ። ኮንኮርድ ይደርሳሉ፤ ሙዚየሙ ጣሪያ ላይ ፓወር አርመር (በኃይል የሚንቀሳቀስ ከባድ ጥሩር) ተዘጋጅቶ ይጠብቅዎታል፤ ከተጋጨው አውሮፕላን ላይ ከባዱን መትረየስ ነቅለው ይወርዳሉ፤ ከመሬት ሥር ዴዝክሎው ይወጣና ይገድሉታል። ትዕይንቱ ያምራል። ነገር ግን በአንድ ሰዓት ውስጥ የዚህ ዓለም ትልቁ ስጦታና ትልቁ ፍርሃት ሁለቱም ተነጠቁ። በ«ኒው ቬጋስ» ፓወር አርመር ለመልበስ የሚያሠለጥንዎትን ወገን ፈልገው፣ አመኔታውን አግኝተው፣ ከዚያ በኋላ ነው የሚፈቀድልዎት። ዴዝክሎው ደግሞ ለ20 ሰዓት ያህል ካርታው ላይ የማይረገጥ ቦታ ሆኖ ይኖራል፤ አንድ ቀን ግን በቂ ጥይትና በቂ ድፍረት ይዘው ወደዚያ ካባ ይመለሳሉ። ያ መመለስ በየትኛውም የታሪክ ጸሐፊ ብዕር አይተካም።

ምድሩ ከተጫዋቹ ጋር አብሮ ሲያድግ የሚደርሰውን ጥፋት እጅግ ግልጽ አድርጎ ያሳየው በ2006 የወጣው የዚያው የቤተዝዳ ጌም «ኦብሊቪየን» ነው። እርስዎ ሲበረቱ የመንገድ ሽፍታውም አብሮ ስለሚበረታ፣ ከፍ ባለ ደረጃ ላይ ጥቂት ሳንቲም ሊቀማዎት የቆመው ሽፍታ ከሳንቲሙ ብዙ እጥፍ የሚያወጣ የመስተዋት ጥሩር ለብሶ ያገኙታል። ቤተዝዳ ከዚያ ተምሮ በኋለኞቹ ጌሞቹ አካባቢዎችን በደረጃ ወሰን ከልሏል፤ «ፎልአውት 4»ም ከሰሜን ምዕራብ ወደ ደቡብ በወረዱ ቁጥር ይከብዳል። ሐሳቡ ግን አሁንም አንድ ነው፤ ተጫዋቹ እንዳይከፋው የትም ቢሄድ ልኩን ያግኝ የሚል ነው። እኔ በዚህ ፈጽሞ አልስማማም። የትም ቢሄድ ልኩን የሚያገኝ ሰው የትም አልሄደም።

ስለ ንግግር ብዙ አልልም፤ ምክንያቱም ይህን እርስዎም አይተውታል። በ«ፎልአውት 3» ማሳመን የዕድል ጉዳይ ስለነበር ተጫዋቹ ሴቭ አድርጎ እስኪሳካለት ድረስ ይደጋግመው ነበር። «ኒው ቬጋስ» ግን የሚፈለገውን ክህሎትና ያለዎትን ክህሎት ጎን ለጎን አሳይቶ ዕጣውን አስቀረ። ጉድስፕሪንግስን ከጆ ኮብ ወንበዴዎች ለመከላከል ሲዘጋጁ ይህን በቅርብ ያዩታል፤ ስለ ፈንጂ የሚያውቅ ሰው ሽማግሌውን ፒትን አሳምኖ የደበቀውን ደማሚት ያስወጣዋል፤ ንግድ የሚያውቅ ባለሱቁን ቼትን የቆዳ ጥሩር እንዲያወጣ ያደርገዋል፤ ሕክምና የሚያውቅ ከሐኪሙ መድኃኒት ይቀበላል፤ ንግግር የሚችል የመንደሩን ሰዎች ያስነሣል። ከዚያም ተኩሱ ሲጀመር በመንገዱ ላይ የሚቆሙት እነዚያ ሰዎች፣ የሚወረወረውም ያ ደማሚት ነው። ንግግሩ ወደ ጥይቱ ይገባል። በ«ፎልአውት 4» ዋናው ገጸ ባሕርይ በወንድም በሴትም ድምፅ የሚናገር ስለሆነ እያንዳንዱ ዓረፍተ ነገር በሁለት ተዋናዮች መቀዳት ነበረበት፤ እንዲህ ባለ ወጪ ላይ አራት አጫጭር ምርጫ ብቻ ቢቀር አይገርምም።

ለእውነት ስል የ«ኒው ቬጋስ»ንም ጉድለት ልናገር። ሲወጣ በስሕተት የተሞላ ነበር፤ ዛሬም ካልታገዘ በድንገት ይዘጋል። ኮረብታ ሲወጡ የማይታይ ግንብ ይገታዎታል፤ ለዚያን ያህል በጥንቃቄ ለተሰናዳ ምድር ይህ አሳፋሪ ነው። የቄሳር ጦር ወገን ደግሞ ከሌሎቹ ጋር ሲነጻጸር ሳይጠናቀቅ የቀረ ቤት ይመስላል፤ ግፉን በሰፊው ያሳዩንና የሚገዛውን አገር ግን አያሳዩንም። ስለዚህ ጦሩን መምረጥ ሙሉ ምርጫ ሆኖ አያውቅም።

ቁጥር ሳይጠቀም ምድሩን «አይሆንም» ማሰኘት እንደሚቻል ማየት ከፈለጉ፣ በ2008 የወጣውን «ፋር ክራይ 2»ን ይሞክሩት። እዚያ ደረጃ የለም፤ መቶኛ የለም። ከሞተ ሰው እጅ ያነሡት ጠመንጃ የዛገ ስለሆነ በተኩስ መካከል ይነክሳል፤ ገጸ ባሕርይው በጥይት እሩምታ ውስጥ ሆኖ በእጁ እየደበደበ ሲያስለቅቀው ያያሉ። ካርታውን በእጅዎ ዘርግተው መኪናውን እየነዱ ያነብቡታል። ወባው በማይመች ሰዓት ይነሣል፤ የለኮሱት ሣር ነፋሱ ሲዞር ወደ ራስዎ ይመጣል። የጥበቃ ኬላዎቹ ዞር ሲሉ ወዲያው በሰው መሞላታቸው ግን እስከ ዛሬ ያበሳጨኛል። ከዚህም በላይ የሚከብደኝ ሌላ ነገር አለ። ጌሙ ስሟ ባልተጠቀሰ የአፍሪካ አገር ውስጥ ይካሄዳል፤ ሣሩ፣ አቧራው፣ የማታው ብርሃን እንደ እውነቱ ነው። ነዋሪ ግን የለም። ገበያ የለም፣ እናት የለችም፣ ከብት የሚያግድ ልጅ የለም፤ ጥቂት ሲቪሎች በስውር ቤት ተደብቀው የጉዞ ወረቀት ይጠብቃሉ፤ የቀረው ሁሉ የሚተኮስበት ሰው ነው። ንድፉን እያደነቅሁ፣ የሰው አገር ከሰው ባዶ ተደርጎ የተኩስ ሜዳ ሲሆን ማየት አፍሪካዊ ሆኜ ያመኛል፤ ይህን ጌም ለተማሪዎቼ ባሳየሁ ቁጥር ሁለቱንም አብሬ እናገራለሁ።

ስለ «ሳይበርፐንክ 2077» ለጠየቁት፣ አዎ፣ አሁን ያዋጣል፤ ኮምፒውተርዎ ከቻለው። በታኅሣሥ 2020 ሲወጣ ሁኔታው እጅግ አስከፊ ስለነበር ሶኒ ከመደብሩ አውርዶት እስከ ሰኔ 2021 ድረስ አልመለሰውም። በመስከረም 2023 የመጣው 2.0 የተባለው ማሻሻያ ግን ጥይቱን በሚመለከት ትልቅ ነገር አድርጓል። ቀድሞ ጥሩርዎ የሚለካው በልብስዎ ስለነበር ሰው ሁሉ ቁጥሩ የበለጠውን ሱሪና ባርኔጣ ደራርቦ ይሄድ ነበር፤ አሁን ጥሩሩ በአብዛኛው በሰውነትዎ ውስጥ ከሚተከለው መሣሪያ ይመጣል፤ ስለዚህ ምን ዓይነት አካል እንዳለዎት መወሰን ራሱ ሚና ሆኗል። ፐርኮቹም ከመቶኛ ወደ አዲስ ድርጊት ተሸጋግረዋል፤ የሚመጣብዎትን ጥይት በሰይፍ መመለስ፣ በአየር ላይ እያሉ ራስን ማስወንጨፍ የመሳሰሉት ከላይ ያነሣኋትን ሁለተኛዋን ሽጉጥ ያስታውሱኛል። በምድሩ በኩል ግን ተስፋ አያድርጉ፤ በዚሁ ማሻሻያ ጠላቶቹ በከተማው ሁሉ ከእርስዎ ደረጃ ጋር አብረው እንዲሄዱ ተደርገዋል። የታሪክ ምርጫውም እንዲሁ በመጀመሪያው ያማልላል፤ አንድ ሮቦት ሜልስትሮም ከሚባሉ ወንበዴዎች የሚረከቡበት ተልዕኮ በገንዘብ፣ በድርድር፣ በክህደትና በተኩስ ሊያልቅ ይችላል፤ ከዚያ በኋላ እንደዚያ የተሠራ ተልዕኮ ጥቂት ነው። ለተኩሱና ለከተማዋ ሲሉ ይግዙት እንጂ ሌላ «ኒው ቬጋስ» አገኛለሁ ብለው አይግዙት። መጠኑ ወደ 70 ጊጋባይት ስለሆነ በሞባይል ዳታ ለማውረድ ባያስቡት ይሻላል፤ ዋይፋይ ያለው ወዳጅ ቤት ሃርድ ዲስክ ይዘው ይሂዱ።

«ኒው ቬጋስ»ን ለሦስተኛ ጊዜ ሲጀምሩ ሁለት ነገር ያድርጉ። በመጀመሪያ ጌሙ ከ2 ጊጋባይት በላይ ሚሞሪ እንዲጠቀም የሚያደርገውን የታወቀውን የ4 ጊጋባይት ማሻሻያ ይጫኑበት፤ በድንገት መዘጋቱ በእጅጉ ይቀንሳል። ቀጥሎም «ሃርድኮር» የሚባለውን የጨዋታ ዓይነት ይምረጡ። ጥይት ክብደት ይኖረዋል፤ ስለዚህ ሁሉንም ዓይነት ተሸክመው መሄድ አይችሉም፤ ውኃና እንቅልፍ ያስፈልግዎታል። ያቺ ከድንጋይ ጀርባ ያለች የሐሳብ ደቂቃ ከጉዞው በፊት፣ ገና ከቤት ሲወጡ ትጀምራለች።

የመጨረሻው ጥያቄዎ ላይ ምናልባት ያልጠበቁትን እመልሳለሁ፤ ወደ «ፎልአውት 4» ይመለሱ። የተዉትን ጨዋታ ግን አይቀጥሉ። በ2016 እንደ አዲስ ተሠርቶ የመጣውን «ሰርቫይቫል»ን መርጠው ከመነሻው ይጀምሩ። በዚህ ዓይነቱ ጨዋታ የእርስዎም የጠላትም ጥይት እጅግ ይጎዳል፤ ስፖንጁ በአብዛኛው ይጠፋል። በካርታው ላይ ጠቅ አድርጎ መዝለል የለም፤ ጠላት በኮምፓሱ ላይ አይታይም፤ ጨዋታው የሚመዘገበው ሲተኙ ብቻ ነው። ምድሩ እንዳለ ነው፤ ነገር ግን እያንዳንዷ መንገድ በእግር ስለምትለካ ጌሙ የሚካሄድባት ቦስተን ለመጀመሪያ ጊዜ ስፋቷን ታገኛለች። ኮንኮርድን መጀመሪያ አይንኩት፤ ፓወር አርመሩ እዚያው ጣሪያው ላይ ይቆይ። ከሳንክቹሪ ተነሥተው በሌክሲንግተን ዳር ዳሩን ይለፉ፤ መሐሏ በጉል (ጨረር ባበላሻቸው ሰዎች) እና በወንበዴ የተሞላ ነውና። በካምብሪጅ በኩል ወንዙን ተሻግረው ዳይመንድ ሲቲ ሲደርሱ በሕይወት ያለ ሰው፣ ጥቂት ጥይትና ለሰዓታት ያልተመዘገበ ጉዞ ይዘው ነው የሚገቡት። በከተማው ውስጥ ዳግአውት ኢን የሚባል ማረፊያ አለ፤ አልጋ በጥቂት ካፕ (የጌሙ ገንዘብ) ያከራያሉ። ከነጋዴዎቹ ሁሉ በፊት እዚያ ይሂዱ።